ጉልበታችን የት ይግባ?

ክቡራን እንግዶች፣ ጡረታ የወጣችሁ ካፒቴኖችና ቴክኒሻኖች፣ ሆስተስ እህቶቼ፣ ቦሌ ሚካኤል በኩል ቆማችሁ አውሮፕላን በሞተሩ ድምፅ የምትለዩ ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ እዚህ ወመዘክር አዳራሽ የተሰበሰብነው ለልደት ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። በአስመራ በኩል አድርጎ ካይሮ ገባ። ይኸው ሰማንያ ዓመት ደፈነ። አዘጋጆቹ ስለ ታሪኩ ተናገር ብለውኛል። እናገራለሁ። ግን ታሪኩን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በእጃችሁ ሠርታችሁታል። እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ የከረመ አንድ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

መጀመሪያ ታሪኩን። አውሮፕላኑ ሲ-47 ነበር። ከጦርነቱ የተረፈ የጭነት አውሮፕላን ነው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ወንበር አልነበረውም። ግራና ቀኝ በግድግዳው በኩል የሸራ አግዳሚ ተዘርግቷል፤ ዕቃው መሃል ላይ ይታሰራል። ቦሌ ገና አልተሠራም። ኤርፖርቱ ልደታ ነበር። ኦልድ ኤርፖርት የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ሜዳ ነው። የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታ ሜዳ አጠረ፤ ቦሌ ተሠራ፤ ቦይንግ 720 መጣ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1984 አዲሱ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር! ለሁለት ሞተር አውሮፕላን በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። በ2012 ድሪምላይነሩ 787 መጣ፤ በ2016 ኤርባስ ኤ350። ሁለቱንም ከአፍሪካ ቀድመን የያዝነው እኛ ነን። ይህን ስናገር ዛሬም ልቤ ይሞላል።

787ን ሳነሳ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። አውሮፕላን 11 ሺህ ሜትር ላይ ሲበር ውጭ ያለው አየር ለመተንፈስ አይሆንም። ስለዚህ ካቢኑ ውስጥ አየር ይጨመቃል። ግን መሬት ላይ እንዳለው አየር አይሆንም፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዳለ አየር ሳሳ ይላል። በቆዩት አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያላችሁ ያህል ነው። በ787 ግን 1,800 ሜትር ነው። ቦሌ ኤርፖርትስ ስንት ላይ ነው ያለው? ከ2,300 ሜትር በላይ። እስቲ አስቡት! ከቦሌ በ787 ስንነሳ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ የእኛ ሳንባ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ሰሃራን እያቋረጥን የምንተነፍሰው የባሕር ዳርን ከፍታ አየር ነው።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አካሉ በብዛት የተሠራው ከአልሙኒየም ሳይሆን ከካርቦን ፋይበር ነው። ጫናውን ይችላል፤ እርጥበትም አይበላውም። ስለዚህ አየሩን እንደ ድሮው ክው እስኪል ማድረቅ አያስፈልግም። መስኮቱንም ያሰፉት በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ መሐንዲስ፣ በሕይወቱ የማያየው ተሳፋሪ ጉሮሮው እንዳይደርቅ ብሎ ዓመታት ደክሟል። እኔ አውሮፕላን የምወደው ለዚህ ነው።

እና ንዴቴም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። መሐንዲሱ ለሳንባችን ይህን ያህል ሲጨነቅ፣ ወንበር የሚደረድረው ሰው ጉልበታችንን ረሳው።

ቦይንግ 777 በ1995 ሥራ ሲጀምር በኢኮኖሚ ክፍሉ በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ሰው ይቀመጥ ነበር። የአንዱ ወንበር ስፋት 47 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች አሥር ሆኗል። አውሮፕላኑ አልሰፋም። ያው አካል፣ ያው ግድግዳ ነው። አሥረኛው ሰው ከየት መጣ? ከየአንዳንዳችን ጎን ተቆርጦ ነዋ! ወንበሩ 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወረደ። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ አራተኛ ሰው ሲጨምር እናውቃለን። ግን ረዳቱ ቢያንስ ዓይናችን እያየ ነው የሚጨምረው። ደግሞ ከሜክሲኮ ሳሪስ ነው፤ ወራጅ አለ ይባላል፣ ይወረዳል። አትላንቲክ ላይ ወራጅ የለም።

787ም እንዲሁ ነው። ቦይንግ መጀመሪያ ሲያስተዋውቀው በረድፍ ስምንት ወንበር ነበር። አብዛኛው አየር መንገድ ዘጠኝ አደረገው። የእኛውም ዘጠኝ ነው፤ የምወደው አየር መንገድ ስለሆነ አልሸሽገውም። የጃፓን አየር መንገድ ግን በረጅም በረራዎቹ ስምንት ላይ ጸና። ስለዚህ አይቻልም የሚባለው ነገር ውሸት ነው። ይቻላል። ምርጫ ነው።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። እትዬ ነው የምላት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጇ ሰሜን አሜሪካ ወለደች፤ እትዬ ልታርስ ትሄዳለች ተባለ። ብቻዋን አትሄድም ብዬ አብሬያት ተነሳሁ። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም። ትራንዚት አድርገን ሁለተኛው በረራ ረጅሙ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበር። እትዬ ቀኝ ጉልበቷ ኦፕራሲዮን ተደርጓል። ስለዚህ አስቀድሜ ገንዘብ ጨምሬ የመተላለፊያ ዳር ወንበር ገዛሁላት። እግሯን እንድትዘረጋ፣ ስትፈልግ እንድትነሳ። የእኔ ከአጠገቧ ነበር።

የትራንዚቱ ኤርፖርት በር ላይ ስንደርስ ቦርዲንግ ፓሱ ሌላ ሆኖ ወጣ። አውሮፕላኑ ተቀይሯል አሉን። የመጣው አሥር ወንበር የተደረደረበት 777 ነው። እትዬ መሃል ላይ ተመደበች፤ እኔ ከኋላዋ ብዙ ረድፍ ርቄ። ለመንኩ። የጉልበቷን ነገር አስረዳሁ። መውጫው በር ጋ ሰፊ ወንበር ባዶ ነበር። ልጅቷ ኮምፒውተሩን እያየች ይሸጣል አለችኝ። ከፍዬ ነበር እኮ አልኳት። እሱን ቢሮ ጠይቅ አለችኝ። ሰልፉ ከኋላዬ ይገፋኛል። ገባን።

ከዚያ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ፊት ለፊት ያለው ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቀው። መብቱ ነው፤ እሱንም አልወቅስም፤ እሱም ጀርባው ተጨንቋል። የእትዬ ጉልበት ግን የሚገባበት አጣ። በስተቀኟ አንድ ወጣት ተኝቷል። እትዬ ሰው ከእንቅልፉ የምትቀሰቅስ ሴት አይደለችም። ልጁ ደክሞታል፣ ይተኛ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ሳትነሳ ቀረች። ሄጄ ልቀስቅሰው ስላት ተው፣ እግዜር አይወደውም አለችኝ። ይህ ብቻ አይደለም። ሽንት ቤት መሄድ እንዳይመጣ ብላ ውሃ መጠጣት አቆመች! ሆስተሷ ውሃ ይዛ ስትመጣ በቃኝ፣ ተባረኪ ትላለች። ይህን ያወቅኩት ስንወርድ ነው። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አለ። በዊልቸር ወጣች። ልጇ አበባ ይዛ ቆማ እናቷን በዊልቸር ተቀበለቻት።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ይስማኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋቱን ዕድል በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ዕድሉ በጠቅላላው ትንሽ ነው፤ ሰው ላስፈራራ አልመጣሁም። ግን ተነስታችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ ብለው የሚመክሩን ራሳቸው አየር መንገዶቹ ናቸው። በየት በኩል ነው የምንራመደው?

ስመለስ አዲስ አበባ ያለው የዚያ አየር መንገድ ቢሮ ሄጄ አቤት አልኩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሲስተሙ ነው የመደበው።

ወገኖቼ፣ ሲስተም ወንበር አይገዛም! ሲስተም ጉልበት የለውም! ዘጠኝ የነበረውን አሥር ያደረገው ሰው ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ወረቀት ላይ አስምሮ፣ ፈርሞ ነው። እኔ የማልታገሰው ይህን ነው። መቆረጡን ብቻ አይደለም፤ ተቆርጦ ዝም መባሉን ነው።

ርካሽ ትኬት የፈለጋችሁት እናንተ ናችሁ ይሉናል። እውነት አለው። ድሮ አውሮፕላን የሀብታም ነበር። ዛሬ የመርካቶ ነጋዴ ጓንጁ ደርሶ ይመጣል፤ ደስ ይለኛል። እንግዲያው ርካሹን ይሽጡ! ጠባቡንም ይሽጡ! ግን ጠባብ መሆኑን ይንገሩን። አሁን ትኬታችን ላይ ምን አለ? ሰዓቱ አለ። የሻንጣው ኪሎ አለ፤ አንድ ኪሎ ብታልፉ ያስከፍሏችኋል። የእነሱን ሚዛን እስከ ግራም ያውቁታል። የእኛ ወንበር ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ኢኮኖሚ ይላል፣ አበቃ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ፣ ወደ አንድ ከተማ ሁለት ትኬት ይሸጣል። አንዱ 43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሌላው ኤ350 ሆኖ 46 ሊጠጋ ይችላል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ምን አላት የሚል እትዬን ይጠይቃት።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ትኬት ሲሸጥ ሁለት ቁጥር ይጻፍ። አንዱ የወንበሩ ስፋት። ሁለተኛው ባለሙያዎቹ ፒች የሚሉት፣ ከአንዱ ወንበር እስከ ፊቱ ካለው ወንበር ድረስ ያለው ርቀት። እሱ በብዙዎቹ 79 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ርካሽ በሚባሉት 71 ድረስ ወርዷል። አውሮፕላኑ ተቀይሮ ቁጥሩ ከቀነሰ ደግሞ ተሳፋሪው ሳይለምን ልዩነቱ ይመለስለት። ይኸው ነው። ፋብሪካ ሥሩ፣ አውሮፕላን ግዙ አላልኩም። ሁለት ቁጥር ጻፉ ነው ያልኩት።

አነስተኛው ልክ በሕግ ይወሰን የሚሉም አሉ። እኔም እደግፋለሁ፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው። አሜሪካ በ2018 ምክር ቤታቸው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱን ልኩን ወስን ብሎ በሕግ አዘዘ። መሥሪያ ቤቱ በ2022 የሕዝብ አስተያየት ጠየቀ፤ ከ26 ሺህ በላይ ሰው ጻፈ። ከዚያ በፊት የወንበሩ ጥበት ሰው ከአውሮፕላን በፍጥነት እንዳይወጣ ያዘገያል ወይ የሚለውን በሰው ሞክረውት ነበር። በሙከራው ውስጥ ልጅ አልነበረም፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰውም አልነበረም። እትዬን የመሰለ ሰው አልተቆጠረም ማለት ነው። በጥር 2024 ቶኪዮ ላይ አንድ ኤ350 በእሳት ሲያያዝ 379 ሰዎች በሙሉ ከውስጡ ወጥተው ተርፈዋል። ሠራተኞቹ ድንቅ ሥራ ሠሩ፤ ተሳፋሪውም ሻንጣውን ጥሎ ወጣ። ለመውጣት ግን መጀመሪያ መነሳት ያስፈልጋል። መነሳት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል።

ሌላ ብዙ ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ስለገፋ ቶሎ ቶሎ ልበል። ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ የጾም ምግብ አስቀድሞ ማዘዝ እንደሚቻል ብቻ ለሽማግሌዎቻችን ንገሩ። የአገር ውስጡን ኪው400 የምትንቁ ወጣቶች አትናቁት። ፕሮፔለር ነው ብላችሁ ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚያስቀምጠው፤ መሃል ወንበር የሚባል የለውም። ጎንደር ስትሄዱ ማንም በሁለት ሰው መካከል አይጨመቅም።

ደግሞ ወደ ቤይሩትና ወደ ጂዳ የሚበሩትን እህቶቻችንን አደራ። ብዙዎቹ አውሮፕላን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር፣ ሆስተስ በየትኛው ቁልፍ እንደምትጠራ የነገራቸው የለም። አጠገባችሁ ከተቀመጡ አሳዩዋቸው። አንዳንድ በረራ ላይ የሚቆጧቸውን ሰምቻለሁ፤ ያንን ስትሰሙ ዝም አትበሉ።

በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የተጻፈ ደብዳቤ አለ። አንድ ገጽ ነው። የሚጠይቀውም ያልኳችሁን ሁለት ቁጥር ነው፤ ከአዲስ አበባ ትኬት የሚሸጥ አየር መንገድ ሁሉ፣ የእኛውም ጨምሮ፣ እንዲጽፍ። እስክሪብቶ አዘጋጅተናል። ካፒቴኖቻችን በመጀመሪያ ብትፈርሙልን ክብደት ይሰጠዋል። ሰኞ ጠዋት ይዘነው እንሄዳለን፤ አብሮን መሄድ የሚፈልግ ስሙን ከታች ይጻፍ።

አመሰግናለሁ።