ዕድርን ከዝርዝር የሚመርጥ ማን አለ?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እናንተም ኮድ ስትጽፉ የምታነጉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አክስቴ ስልካቸውን በሚገባ ያውቁበታል። ቤይሩት ካለችው ልጃቸው ጋር በኢሞ ያወጋሉ፤ የደብራቸውን ስብከት በቴሌግራም ይከታተላሉ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በአገራችን ለወራት ሲታገዱ፣ ቪፒኤን ማስጫን እንደሚቻል ከእኔ ቀድመው ሰምተው ነበር። ይህን ማንሣቴ «ተራው ሰው ቴክኖሎጂ አይገባውም» የምንለውን ነገር ከወዲሁ እንድንተወው ብዬ ነው።

እኒሁ ሴት ማስቶዶን የሚባል፣ የትዊተር አማራጭ የሆነ ማኅበራዊ መድረክ ላይ ሊመዘገቡ ሞክረው ገና ከደጃፉ ቀሩ። «ሰርቨር ይምረጡ» ተባሉ፤ አካውንታቸው የሚያድርበትን ኮምፒውተር ማለት ነው። ማለቂያ የሌለው ዝርዝርም ተደረደረላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ የማላውቀውን ቤት እንዴት ብዬ ልምረጥ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንዱ መድረክ ለምን ብዙ ሰርቨር እንዳለው ስንጠየቅ፣ እኛ ባለሙያዎቹ «እንደ ኢሜይል ማለት ነው» ብለን ማለፍ እንወዳለን። አክስቴ ግን ከመስመር ስልክ በቀጥታ ወደ ኢሞ የተሻገሩ ናቸው፤ ኢሜይል ራሱ ባዕዳቸው ነው። «ፌዴራላዊ መረብ ነው» ብትሏቸው ደግሞ በዓይነ ኅሊናቸው የሚመጣው ፖሊስ ከነዱላው ነው። የተግባባነው በዕድር ነው። ማስቶዶን ላይ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ዳኛና የራሱ ደንብ አለው፤ ሆኖም የአንዱ ሰፈር ዕድርተኛ የሌላውን ሰፈር ለቅሶ ይደርሳል። ሰርቨሮቹን የሚያግባባቸው በ2018 እ.ኤ.አ. መደበኛ መስፈርት ሆኖ የጸደቀው አክቲቪቲፐብ ነው። ይህን ስሙን እንኳ አልነገርኳቸውም፤ ምን ያደርግላቸዋል?

ወዲያው ገባቸው። ገብቷቸውም አፋጠጡኝ፦ «ታዲያ ዕድርን ከዝርዝር የሚመርጥ ማን አለ? ጎረቤት አይደለም እንዴ የሚያስገባህ?»

ዛሬ የመጣሁት ይህችን ጥያቄ ላደርስላቸው ነው።

የማስቶዶን ሰዎች ችግሩን አልሳቱትም። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ኢሎን መስክ ትዊተርን ሲገዛ ሕዝብ ጎረፈላቸው፤ ከመጣው ግን ብዙው በወራት ውስጥ ተመለሰ። በ2023 የስልክ መተግበሪያቸው አዲስ ገቢውን በቀጥታ ወደ ትልቁ ሰርቨር፣ ወደ ማስቶዶን ዶት ሶሻል፣ እንዲመራ አደረጉ። ደጃፉ ቀለለ። ነገር ግን ሰውን ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ማከማቸት የሸሸነውን የአንድ ጌታ ቤት መልሶ መሥራት ይመስለኛል።

ሌላው የትዊተር አማራጭ፣ ብሉስካይ፣ በ2024 ያመጣው ዘዴ ለአክስቴ አባባል ይቀርባል፦ አንዱ የሚወዳቸውን ገጾች ሰብስቦ ሊንኩን ለወዳጁ ይልካል፤ እንግዳው ሲገባ ባዶ ቤት አይጠብቀውም። ማስቶዶንም አስተዳዳሪው ከፈቀደ አባላት የሚልኩት የግብዣ ሊንክ አለው። ያለው ግን ማንም በማያየው ጥግ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ይህንኑ ወደ ፊት እንድታወጡት ነው። የሰርቨር ምርጫው ሰውየው ከርሞ፣ ሰፈሩን ከለየ በኋላ ይቅረብለት።

ንግግሬን ላቁምና ወደ ሥራው እንግባ። አክስቴና ሁለት ጓደኞቻቸው ኋለኛው ረድፍ ላይ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከእናንተ ሦስት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥና የሠራችሁትን ይክፈቱ። ሲሳሳቱ አትናገሩ፤ ግራ የተጋቡበትን ቦታ ብቻ ጻፉ። ስልኩን ደግሞ ከእጃቸው እንዳትቀበሏቸው።