የማላውቀው ልጅ ሴቭ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አትገረሙ፤ እጄ ላይ ያለችውን ካርትሪጅ ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳሁ ነው። ካርትሪጅ፣ ብዙዎቻችን ካሴት የምንላት። ቀይ ናት። የጌም ቦይ፣ ማለትም የኔንቲዶ የድሮ የእጅ ጌም ማጫወቻ፤ ጌሙ ፖኪሞን ሬድ።

ያገኘኋት ባለፈው ቅዳሜ፣ አሮጌ ጌም ብቻ የሚሸጥበት አንድ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቱ ራሱ ሻጭ፣ ራሱ ጠጋኝ፣ ራሱ ተጫዋች ነው። መስታወት ውስጥ የተደረደሩትን ብዙም አላይም። እኔ ቀጥ ብዬ መሬት ላይ ወዳለው ካርቶን ነው የምሄደው። እዚያ የተጠላለፈ ኬብል አለ፣ የላላ ጆይስቲክ አለ፣ ያለፈበት የእግር ኳስ ጌም ደግሞ እንደ ጉድ ነው። ከእግር ኳስ ጌም ቶሎ የሚያረጅ ነገር መኖሩን እንጃ።

ኦንላይን አይረክስም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይረክስ ይሆናል። እኔ ግን አንዴ ተበልቻለሁ። በፎቶ ምንም የማይወጣላት የጌም ቦይ አድቫንስ ካርትሪጅ ገዛሁ። ሦስት ቀን ተጫወትኩ። በአራተኛው ስከፍታት ሴቭ ያደረግኩት፣ ማለትም የደረስኩበትን ያስቀመጥኩት ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል። ፎርጅድ ነበረች። ኦሪጅናሏን ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጓት ስቲከሩ ላይ በግፊት የታተመ ሁለት አሃዝ ቁጥር ይታያል። ከታች ደግሞ ከማጫወቻው ጋር ከሚገናኙት ወርቃማ ጥርሶች ከፍ ብሎ ኔንቲዶ የሚል ጽሑፍ አለ። የእኔዋ ሁለቱንም አልነበራትም። ይህን ደግሞ እጅ ካልገባ በፎቶ እንዴት ያዩታል?

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ባለሱቁን "ክፈትልኝ" አልኩት። ቅር አላለውም። እንዲያውም ደስ ያለው መሰለኝ። በተራ ካቻቢቴ የማይፈታ ብሎን ነው ያለው፤ 3.8 ሚሊሜትር የሚባለውን ልዩ መፍቻ ከመሳቢያው አወጣና ፈታት። ውስጧ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ጥቂት ቺፖች፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ። ባትሪዋ ተበይዳለች፣ ማንም ነክቷት አያውቅም። የጌሙ ሴቭ ያለው እሷ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሴቩ የሚቀመጥበት ቺፕ ያለ ኤሌክትሪክ ምንም አያስታውስም፤ ባትሪዋ ስትሞት አብሮ ይሞታል።

መልሶ ገጠማትና ጌም ቦይ ላይ ልንሞክራት ሆነ። እኔ ከልጅነት ልማዴ አንስቼ እፍ ልላት ስል እጄን ያዘኝ። "ምራቅህን ነው የምታጠጣት" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የትንፋሽ እርጥበት ጥርሱን ያዝገዋል። ጥጥ አልኮል ነክሮ ጠረገልኝ።

በራች። አሮጌ ሴቭ አለባት። የአንድ ልጅ ስም፣ 96 ሰዓት፣ 7 ባጅ።

ሰባት! በጠቅላላው 8 ነው ያለው፤ ጂም የሚባሉትን የፍልሚያ ቤቶች ስታሸንፉ አንድ አንድ የምታገኙት ምልክት ነው። ስከፍተው ልጁ ሲናባር ደሴት ላይ ቆሟል። ጌሙን የተጫወታችሁ እዚህ ጋ ፈገግ ትላላችሁ። የመጨረሻው ጂም ያለው ገና በጨዋታው መጀመሪያ በምናልፍባት በቪሪዲያን ከተማ ነው። ያኔ በሩ ዝግ ነው። ሰባቱን ባጅ ሳታሟሉ አይከፈትም። እና ይሄ ልጅ ያን ሁሉ ሰዓት ተጫውቶ፣ የቀረችው በር ከቤቱ አጠገብ መሆኗን ሳያውቅ የቀረ መሰለኝ። ወይ ደግሞ ሰልችቶት ነው። ወይ እናቱ እራት ብላ ጠርታው ነው። አላውቅም።

ባለሱቁ "ባትሪውን ልቀይርልህ? ዛሬ ነገ ማለቁ አይቀርም። ሴቩ ግን ይጠፋል" አለኝ። ተወው አልኩት።

ጌሙን ብቻ ብፈልግማ ሌላ መንገድ ነበረ። ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ ጌም 3ዲኤስ ለሚባለው ሌላ የእጅ ማጫወቻው በዳውንሎድ አውጥቶት ነበር። ያ የኦንላይን ሱቅ ደግሞ በመጋቢት 2023 ለግዢ ተዘጋ። ግን ሳይዘጋም ቢሆን እዚያ የሚሸጠው ባዶ ጌም ነው። 7 ባጅ ይዞ ደሴት ላይ የቀረ ልጅ እዚያ አይሸጥም።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሳስብ ከረምኩ። ሴቩን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ መሣሪያዎች አሉ። አንዱን ማፈላለግ ጀምሬያለሁ። እስከዚያው ባትሪዋ እንዳትከዳኝ ብቻ።

ትናንት ማታ አላስቻለኝም። አበራኋት። ልጁን ከደሴቱ በባሕር ወደ ሰሜን ወሰድኩት። የጨዋታው ቤቱ ያለባት ፓሌት ደረስን፣ አለፍናት፣ ቪሪዲያን ገባን። የጂሙ በር ክፍት ነው። በሩ ፊት ለፊት አቆምኩት።

አልገባሁም። ሴቭም ሳላደርግ አጠፋኋት።