ከላይ የሚወርደውን የሙቀጫ ድምፅ በንድፍ ላይ ስለ ማስላት

የተከበራችሁ አርክቴክቶች፣ መሐንዲሶችና የግንባታ ባለሙያዎች፤

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ሁሉ ከላይ ቤት የሚወርደውን የቡና ውቀጣ ያውቀዋል። ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ ሙቀጫው ሶሌታውን፣ ማለትም የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ ያርገበግበዋል፤ የታችኛው ቤት ጣሪያም ያው ሶሌታ ነውና ድምፁ እንዳለ ይወርዳል። ይህን የምት ድምፅ ገና ሕንፃው በወረቀት ላይ ሳለ ማስላት ይቻላል።

ለመለካት፣ እያንዳንዳቸው 500 ግራም የሚመዝኑ 5 የብረት መዶሻዎች ያሉት መሣሪያ ላይኛው ወለል ላይ ይቀመጣል፤ መዶሻዎቹ ከ40 ሚሊሜትር ከፍታ እየወደቁ በድምሩ በሰከንድ 10 ጊዜ ሲመቱ ከታች የሚሰማው ይመዘገባል። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወለሉ የተሻለ ነው።

በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደረጃ (አይኤስኦ 12354) ክፍል 2 ያለው ቀላል ስሌት፣ የሶሌታውን ክብደት በካሬ ሜትር ወስዶ ሎጋሪዝሙን በ35 ማባዛትና ውጤቱን ከ164 መቀነስ ነው። በካሬ ሜትር 300 ኪሎ የሚመዝን ሶሌታ 77 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። ክብደቱን እጥፍ ብናደርገው የምናተርፈው 10 ዴሲቤል ተኩል ብቻ ሲሆን፣ ዕዳውን ምሰሶውና መሠረቱ ይከፍላሉ። የ2018ቱ የጀርመን የሕንፃ ድምፅ መከላከያ ደረጃ፣ ዲአይኤን 4109፣ ደግሞ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ከ50 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ በክብደት ብቻ እዚያ መድረስ ከንቱ ድካም ነው።

ልዩነቱን የሚሞላው ተንሳፋፊ ወለል፣ ማለትም በለስላሳ ንጣፍ ከሶሌታው የተለየ የላይ ወለል ነው። በካሬ ሜትር 100 ኪሎ የሚመዝን ስክሪድ (ከላይ የሚፈስ የሲሚንቶ ወለል) በቂ ልስላሴ ባለው ንጣፍ ላይ ሲያርፍ 30 ዴሲቤል ያህል ሊቀነስ ይችላል፤ በግድግዳ በኩል ዞሮ ለሚወርደው ግን ጥቂት መልሶ መደመር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ስክሪዱ ግድግዳውን ካልነካ ነው። በአንድ ሳይት ስሌቱም ንጣፉም ልክ ሆኖ ሳለ፣ ዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ጠርዝ) ሲለጠፍ የፈሰሰ ሲሚንቶ ጠርዙን ከግድግዳው ጋር አጣብቆት፣ የለካነው ቁጥር ከተሰላው እጅግ ርቆ አይቻለሁ። የጣት ስፋት የሌለው ክፍተት ነበር!

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልችልም። የሙቀጫ ምት ወፍራም ድምፅ ነው፤ ከላይ የጠቀስሁት ዓይነት ተንሳፋፊ ወለል ደግሞ 50 ኸርዝ አካባቢ ራሱ ስለሚርገበገብ እዚያ ላይ እምብዛም አይረዳም፤ አንዳንዴም ያባብሳል። ጃፓኖች ለልጆች ዝላይ 2.5 ኪሎ የሚመዝን የጎማ ኳስ ከ1 ሜትር ከፍታ እየጣሉ ለብቻው የሚለኩት ወፍራሙን ድምፅ መዶሻው በሚገባ ስለማያሳይ ነው። የእኛም ስሌት ሙቀጫውን በቁጥር እስኪይዘው ድረስ፣ ለውቀጣ የሚሆን ቦታ፣ እንደ ኮሚናሉ ራቅ ብሎ ሳይሆን በየደረጃው ራስ፣ ከመኝታ ክፍል በላይ ባልሆነ ስፍራ በንድፉ ላይ እንዲሳል እጠይቃለሁ።