ገንዘቡ በሰዓቱ ይድረስ፦ ፋውንዴሽንና ሀገር በቀል አጋሩ

ሀ፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን ከዋሽንግተንም ይሁን ከለንደን ፋውንዴሽን አቋቁመው ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሀገር በቀል ድርጅት ጋር መሥራት ለሚፈልጉ ነው። ስምምነቱ ሲፈረም ሁሉም ደስተኛ ነው። ዓመት ሳይሞላ ግን አንዱ ሌላውን መጠራጠር ይጀምራል። ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?

ለ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከገንዘቡ አካሄድ ነው። ግንኙነት ሲባል ስብሰባ፣ የመስክ ጉብኝት፣ የጋራ ዕቅድ ነው የሚታየን። እኔ ግን መተማመን የሚገነባውም የሚፈርሰውም የበጀት ሰንጠረዡና የክፍያው ቀን ላይ ነው ባይ ነኝ። እዚያ ላይ ካልተስተካከለ ስብሰባ ቢደጋገም አያድነውም።

ሀ፦ ወደዚያ እንመጣለን። መጀመሪያ አጋሩን እንምረጥ። የፕሮፖዛል ጥሪ ማውጣት ጥሩ መንገድ ነው?

ለ፦ ብቻውን አይበቃም። ጥሪው በእንግሊዝኛ ሲወጣ የሚያሸንፈው እንግሊዝኛ የሚጽፍለት ሰው ያለው ድርጅት ነው። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም ይቀበሉ፤ የማስተርጎሙን ወጪ ፋውንዴሽኑ ይሸፍን። ሌላው፣ ከሁሉም ሠላሳና አርባ ገጽ ፕሮፖዛል አይጠየቅ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ገጽ የሐሳብ መግለጫ፣ ከዚያ በእርግጥ ሊመረጡ የሚችሉትን ጥቂቶች ብቻ ሙሉውን እንዲጽፉ መጋበዝ። ሙሉ ፕሮፖዛል የሁለት ሰዎችን የሳምንታት ጉልበት ይበላል፤ ያንን የሚከፍልላቸው የለም።

ሀ፦ ሰነዶቹስ? የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ የሁለት ዓመት የኦዲት ሪፖርት። ይሄን ሁሉም ይጠይቃል።

ለ፦ ይጠይቃል፤ ግን ኦዲቱን የሚያነበው እስከ አስተያየቱ ገጽ ድረስ ነው። «ሂሳቡ ትክክለኛውን ገጽታ ያሳያል» የሚለውን ሲያይ ይዘጋዋል። ዋናው ነገር ኦዲተሩ ለሥራ አመራሩ ለብቻ የሚጽፈው ደብዳቤ ላይ ነው ያለው። የባንክ ማስታረቂያ፣ ማለትም መዝገቡን ከባንክ መግለጫው ጋር ማመሳከር፣ በየወሩ አልተሠራም፣ ለመስክ የወጣ ቅድሚያ ክፍያ ሳይወራረድ ሌላ ተሰጥቷል፣ አንድ ሰው ያዝዛል ራሱም ይከፍላል፤ እንዲህ ያለው የሚገኘው እዚያ ነው። ግኝት መኖሩ አያስደነግጥም። ባለፈው ዓመት የተጻፈው ዘንድሮም ቃል በቃል ከተደገመ ግን ቦርዱ ደብዳቤውን አላየውም ማለት ነው፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

ሀ፦ እኔ የምጨምረው መስኩን ነው። ቀበሌው ድረስ ሄዶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የዕድሩን ሰብሳቢ፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ድርጅቱ ሳይኖር መጠየቅ። «ባለፈው ክረምት መጥተው ነበር?» ብትላቸው ያለ ሪፖርት ይነግሩሃል።

ለ፦ ልክ ነው። ሂሳብ ሹሙንም ለብቻው ማነጋገር ነው። ዳይሬክተሩ ስለ ራእይ ያወራል፤ ደመወዝ በስንት ቀን ዘግይቶ እንደሚከፈል የሚያውቀው ሂሳብ ሹሙ ነው።

ሀ፦ እሺ፣ ወደ በጀቱ። የአስተዳደር ወጪ ክርክር ማብቂያ የለውም።

ለ፦ ታሪኩን ካላወቅን ክርክሩ አይገባንም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪን 30 ከመቶ ላይ ገድቦ ነበር። ከዚያ የወጣው መመሪያ ደግሞ ሥልጠናን፣ ትራንስፖርትን፣ ክትትልና ግምገማን ሳይቀር ብዙ ቦታ ላይ በአስተዳደር ሥር አስቆጠረ። መምህራንን የሚያሠለጥን ድርጅት ዋና ሥራው «አስተዳደር» ተባለበት። በ2011 ዓ.ም. እሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን 20 ከመቶ አደረገው፤ ትርጉሙን ግን አጠበበው። አሁን አስተዳደር የሚባለው ከፕሮጀክት ጋር ያልተያያዘው፣ ድርጅቱን በሕይወት የሚያቆየው ወጪ ነው፦ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ ኦዲት፣ መብራት፣ ኢንተርኔት።

ሀ፦ ሕጉ 20 ይፈቅዳል፣ ለጋሹ ግን 5 ወይም 7 ይላል።

ለ፦ እዚህ ላይ እንቁም። ለምሳሌ የድርጅቱ የዓመት ገቢ አንተ የምትሰጠው 5 ሚሊዮን ብር ብቻ ይሁን። 7 ከመቶ ማለት 350 ሺህ፣ በወር 29 ሺህ ብር ገደማ ነው። በዚህ ሂሳብ ሹም ቅጠር፣ ቢሮ ተከራይ፣ ዘበኛ ክፈል፣ በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር አስመጣ። አይሆንም። ታዲያ ድርጅቱ ምን ያደርጋል? ሂሳብ ሹሙን «የፕሮጀክት ኦፊሰር» ብሎ ይጽፈዋል፣ ኪራዩን «የሥልጠና አዳራሽ» ውስጥ ይከትተዋል። ለጋሹም ይህን ያውቃል፤ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ግንኙነቱ በመጀመሪያው ቀን በውሸት ተጀመረ ማለት ነው። በኋላ «ግልጽ አልሆናችሁልንም» ቢል ማን ይሰማዋል?

ሀ፦ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ለዕርዳታ ተቀባዮቹ ይሄን አሻሽሎታል፤ ከመንግሥቱ ጋር የተደራደሩበት ምጣኔ ለሌላቸው ድርጅቶች የሚፈቅደውን የተዘዋዋሪ ወጪ፣ ማለትም እንደ ኪራይና ሂሳብ ክፍል ያለውን የጋራ ወጪ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከ10 ወደ 15 ከመቶ ከፍ አድርጎታል።

ለ፦ የግል ፋውንዴሽን ከዚያ በታች የሚሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። የተሻለው ግን መቶኛውን ትቶ ትክክለኛውን ወጪ መጠየቅ ነው። ባለፈው ዓመት ለኪራይ፣ ለኦዲት፣ ለሂሳብ ክፍል ስንት ወጣ? ከገቢያችሁ የእኛ ድርሻ ስንት ነው? በዚያው ልክ ከወጪው መካፈል። የድርጅቱን ገቢ 40 ከመቶ የሚሰጥ ለጋሽ ከኪራዩም 40 ከመቶውን ይክፈል።

ሀ፦ ወደ ክፍያው ቀን እንሂድ። በየሦስት ወሩ የሚከፈልበትን አሠራር ብዙ ፋውንዴሽኖች ይወዱታል፤ ቁጥጥር ይመስላቸዋል።

ለ፦ ቀን እንቁጠር እስቲ። ሩብ ዓመቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ተዘጋ። ሂሳብ ሹሙ ከወረዳ ደረሰኝ ሰብስቦ ሪፖርት ለማጠናቀቅ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ፋውንዴሽኑ አንብቦ ጥያቄ ይልካል፣ መልስ ይመጣል፤ ሁለት ሳምንት። ማዘዣው ተፈርሞ ገንዘቡ ከውጭ ባንክ እስኪገባ ሌላ ሁለት ሳምንት። የካቲት ተጋምሷል። ያለፈው ክፍያ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ አልቋል። በዚህ መሃል የሠራተኛው ደመወዝ ከየት ይምጣ?

ሀ፦ ከሌላ ለጋሽ ሂሳብ ይበደራሉ።

ለ፦ ይበደሩና ኦዲት ላይ ግኝት ይሆንባቸዋል! ጥፋቱን የፈጠረው የክፍያው ሰሌዳ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍያ የስድስት ወር ይሁን። ሪፖርቱ በአራተኛው ወር መጨረሻ ይቅረብ። ከተከፈለው 70 ከመቶው ሥራ ላይ ከዋለ የሚቀጥለው ይለቀቅ፤ 100 ከመቶ እስኪያልቅ አይጠበቅ። ቅድም የቆጠርናቸው ሰባት ሳምንታት በቀሩት ሁለት ወራት ውስጥ ያልቃሉ፤ ሥራውም አይቆምም።

ሀ፦ ወቅቱም አለ። የጤፍ ዘር ሐምሌ ላይ ለሚዘራ ገበሬ ገንዘቡ ነሐሴ ላይ ቢገባ ጠፍቷል፤ አንድ ወር ዘገየ ተብሎ አይታለፍም፣ ዓመቱ ነው የሄደው። ደብተርና ዩኒፎርምም መስከረም ሳይጠባ ነሐሴ ላይ መገዛት አለበት። ሰኔ ላይ ደግሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በጀት ለመዝጋት ይሯሯጣሉ፤ ያኔ የጋራ ግምገማ ልጥራ የሚል ሰው አያገኝም። ፋውንዴሽኑ ቦርዱን የሚሰበስብበትን ቀን ከዚህ ጋር ያስማማ።

ለ፦ ምንዛሪውን ደግሞ እንዳንረሳው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ውሉ በ50 ሺህ ዶላር የተጻፈለት ድርጅት 2 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ብሎ ያቀደው 5 ሚሊዮን ሆነለት። በብር የተጻፈለት ግን ያው ብር ነው የደረሰው፤ የነዳጁና የሲሚንቶው ዋጋ ሲወጣ ልዩነቱ ለጋሹ ጋ ቀረ። ስለዚህ ውሉ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይግባ፦ ምንዛሪው ወይም ዋና ዋና ዋጋዎች ከ10 ከመቶ በላይ ከተለወጡ በጀቱ በ30 ቀን ውስጥ በጋራ ይከለሳል፤ ከምንዛሪ የተገኘ ትርፍ ካለ እዚያው ለፕሮጀክቱ ይውላል።

ሀ፦ አሜሪካ የተመዘገቡትን በተመለከተ አንድ ነገር። የግል ፋውንዴሽን የሆነ፣ በአሜሪካ ሕግ የበጎ አድራጎት ዕውቅና ለሌለው የውጭ ድርጅት ገንዘብ ሲሰጥ የታክስ ሕጉ ግዴታ ይጥልበታል አይደል?

ለ፦ አዎ፣ በተለምዶ በሁለት መንገድ ነው የሚሄዱት። አንደኛው፣ ድርጅቱ ከአሜሪካ የሕዝብ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር አቻ መሆኑን የታክስ ባለሙያ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግ። ሁለተኛው ወጪውን በኃላፊነት መከታተል ነው፦ ከክፍያ በፊት ማጣራት፣ የጽሑፍ ውል፣ ገንዘቡ ለብቻው በተለየ ሂሳብ መያዙ፣ በየዓመቱ ሪፖርት መቀበል፣ ያንኑ በፋውንዴሽኑ ዓመታዊ የታክስ ቅጽ ላይ ማሳወቅ። ገንዘቡ ከዓላማው ውጭ ከዋለ ለማስመለስ መሞከርና ዋስትና እስኪገኝ ተጨማሪ ክፍያ መያዝም ግዴታ ነው። ከሕዝብ መዋጮ የሚሰበስቡት ድርጅቶች ይህ ዝርዝር አይመለከታቸውም፤ ሆኖም ገንዘቡ የት እንደሚውል የመወሰንና የመቆጣጠር ኃላፊነት አለባቸው። ይህንን ለአጋሩ አስቀድሞ፣ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ነው። ካልተነገረው «የተለየ ሂሳብ ክፈት» ሲባል ሌባ የተባለ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም።

ሀ፦ ደረሰኝስ? ይሄ ነገር ሰው ያቃቅራል።

ለ፦ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ውስጥ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ይሠራል እንበል። 60 ከረጢት ሲሚንቶ በአህያ ነው የሚጓጓዘው። የአህያው ባለቤት የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የለውም። ኦዲተሩ «ሕጋዊ ደረሰኝ የለም» ብሎ ወጪውን ውድቅ ያደርጋል፤ ለጋሹ ገንዘቡን መልሱ ይላል። ይህ ከመሆኑ በፊት ውሉ ላይ የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ ይጽደቅ፦ የተቀባዩ ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የተሠራው ሥራ፣ የከረጢቱ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ የሁለት ሰው ምስክርነት። እስከ ስንት ብር ድረስ በዚህ ቅጽ እንደሚከፈልም ይወሰን። ኦዲተሩም ሥራው ሳይጀመር ይየው፤ ከግብር ሕጉ ጋር የሚጋጭ ነገር ካለ ያኔ ይናገር።

ሀ፦ ጉብኝት ላይ አጭር ነገር ልበል። እንግዳ ሲመጣ ማኅበረሰቡ ሥራ ፈትቶ ይሰበሰባል፣ ልጆች ከክፍል ይወጣሉ፣ የድርጅቱ መኪና ለቀናት ይያዛል። አንድ ድርጅት አምስት ለጋሽ ካለው አስቡት። በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ አንዱን ከሌሎቹ ለጋሾች ጋር በአንድ ላይ።

ለ፦ የአጋርን ሂሳብ ሹም በእጥፍ ደመወዝ መውሰድም ይቁም። አሠልጥነው አበቁት፣ ትልቁ ድርጅት ወሰደው፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርቱ ዘገየ፣ «አቅም የላቸውም» ተባሉ። ይህ ግፍ ነው።

ሀ፦ ገንዘብ ቢጎድልስ? ይሄ ሲያጋጥም ብዙ ፋውንዴሽን ሁሉንም ዘግቶ ይሄዳል።

ለ፦ መጀመሪያ ስሕተትን ከስርቆት መለየት። ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ፣ በተሳሳተ መደብ የተመዘገበ ወጪ፣ የውሎ አበል ፊርማ ማጭበርበር፤ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ጥርጣሬ የተነሣበት የሥራ ክፍል ክፍያ ይታገድ፤ የሌላው ይቀጥል። ደብዳቤው ለዳይሬክተሩ ብቻ ሳይሆን ለቦርዱ ሰብሳቢ ይጻፍ። ገለልተኛ ኦዲተር ይመደብ፤ ወጪውን ፋውንዴሽኑ ይሸፍን። ከሁሉ በላይ ጉድለቱን ራሱ አግኝቶ ያሳወቀ ድርጅት እንዳይቀጣበት። አንዴ ከተቀጣ ሌሎቹ አጋሮች ይሰማሉ፤ ሁለተኛ ማንም አይነግርህም።

ሀ፦ መለያየትስ?

ለ፦ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን አግዶ የሥራ ማቆሚያ ትእዛዝ ሲልክ በሥሩ ይሠሩ የነበሩ ሀገር በቀል ድርጅቶች ደመወዝና ኪራይ ይዘው ቀሩ። አነስተኛ ፋውንዴሽንም በራሱ ልክ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ገና ሲጀመር ከአጋሩ ገቢ ምን ያህሉ የእኛ ነው ብሎ መጠየቅ። ከግማሽ በላይ ከሆነ የእኛ መውጣት የድርጅቱ መዘጋት ነው። የመውጫው ማስታወቂያ ቢያንስ ከ12 ወር በፊት በጽሑፍ ይሰጥ። የመጨረሻው ዓመት ገንዘብ ውስጥ የሠራተኛ ስንብት ክፍያና የመዝጊያ ኦዲት ይካተት። ለሌሎች ለጋሾች ድርጅቱን የሚያስተዋውቅ ደብዳቤም ገንዘቡ ሳያልቅ ይላክ።

ሀ፦ ንብረቱም አለ፤ ኮምፒውተር፣ ሞተር ሳይክል፣ መኪና።

ለ፦ ማን እንደሚወስደው ውሉ ላይ ካልተጻፈ መጨረሻ ላይ ያጣላል። በተለይ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ስሙ አይዛወርም። ያ ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄው ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ፣ የሚከታተለው ሠራተኛ ገና ደመወዝ ላይ እያለ መግባት አለበት።