ለጎንደር ብርድ የሚሆን ካፖርት በገዛ እጃችን

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

መስቀልን በሰላም አሳልፈን ጥቅምት ደጃፍ ላይ ደርሰናል። ያገራችን ሰው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲል ብርዱን ቀምሶ የተናገረው ነው። የዛሬው ጉዳዬ ያን ብርድ የሚመክት ልብስ ነው። ከነገ ጀምሮ በዚህ አዳራሽ ካፖርት፣ ጃኬትና የልጆች የብርድ ጊዜ ልብስ መስፋት እንማራለን። ቀሚስና ጥልፍ የሚያስተምር በከተማችን አይጠፋም፤ ካፖርት ቆርጦ የሚሰፋ ግን እየሳሳ ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ ስለዚህም ከመጀመራችን በፊት ሐሳቤን ላካፍላችሁ ፈለግሁ።

የጎንደርን ብርድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ማታ የሚያስቀርላት ደመና የለም። በቀትር ኮታችንን አውልቀን በክንዳችን አንጠልጥለን እንሄዳለን፤ ንጋት ላይ ደግሞ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። በዚያው በአንድ ቀን ውስጥ የንጋቱና የቀትሩ ልዩነት 15 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። ወደ ወገራ ወጥታችሁ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ እስከ ደባርቅ ከዘለቃችሁ ውርጭና ነፋሱ ይጨመርበታል። ክረምቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ብርድ አለው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ የሚያስቸግረን እርጥበቱ ነው። ልብሳችን በስብሶ እንገባለን፤ ነገ ጠዋትም ሳይደርቅ ያንኑ እንለብሰዋለን።

እንግዲህ ሁለት ብርድ አለን፤ አንዱ ደረቅና ከፀሐይ ጋር የሚፈራረቅ፣ ሁለተኛው እርጥብና ቀኑን ሙሉ የሚውል። የምንለብሰው ካፖርት ግን አብዛኛው የተሰፋው ለሁለቱም አይደለም። ከቦንዳ የሚወጣው ካፖርት ብርዱ ከጠዋት እስከ ማታ ለማይለቅበት አገር የታሰበ ነው። ከባድ ነው፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይለበሳል ወይ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል፤ እጅጌው ከእጃችን ያልፋል፤ ትከሻው ይንሸራተታል። ሰልባጅን ማጣጣሌ እንዳይመስላችሁ፤ ስንቱን ቤተሰብ አልብሷል፤ ጨርቁም ብዙ ጊዜ በገበያችን አዲስ ከሚሸጠው ይሻላል። ነገር ግን ሰውነታችንንም ብርዳችንንም የሚያውቅ የራሳችን እጅ ነው። የመጣሁበት ነገር ይኸው ነው።

መነሻችን ሩቅ አይደለም። ጋቢ አራት ድርብ ነው። እናቶቻችን ፈትለው፣ ሸማኔው ሸምኖ፣ አራት አድርጎ የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሙቀቱን የሚያቆየው በድርቦቹ መካከል የተያዘው አየር ነው። አንድ በጣም ወፍራም ጨርቅ ከመልበስ ሁለት ሦስት ቀጫጭን መደረብ የሚበልጠው በዚህ ነው። መደረብ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ፀሐይ ሲበረታ አንዱን ማውለቅ ይቻላል። ስለዚህ ለጥቅምትና ለኅዳር የምንሰፋው ካፖርት ገበሩ በቁልፍ የሚያያዝና የሚፈታ ይሁን። ጠዋት ሲወጡ ገበሩ ይገባል፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈትቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማታ ተመልሶ ይገባል። ይህን ዓይነት ካፖርት ገበያ ላይ ብዙ ፈልጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ አንድ ረድፍ ቁልፍና ትንሽ ትዕግሥት ግን ይበቃዋል።

ሌላው ነገር ኮሌታው ነው። እኛ በላዩ ነጠላ እናጣፋለን፣ ጋቢ እንደርባለን። ትልቅና ቀጥ ብሎ የቆመ ኮሌታ ነጠላውን ያንሸራትተዋል፤ አንገት ላይም ይከመራል። ጥር 10 ማታ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚያድሩትን እናቶች አስቡ። ታቦቱ ካረፈበት አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ በነጠላ ብቻ ሲንቀጠቀጡ አይተናል፤ ካፖርት ቢኖራቸውም ነጠላው አልቀመጥ ስለሚል ትተውት ይመጣሉ። አንገቱ ክብ፣ ኮሌታ የሌለው ወይም ዝቅ ብሎ የተኛ፣ ቁመቱ ዳሌን አልፎ የሚወርድ፣ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ካፖርት ብንሰፋላቸው ከሥር ሞቋቸው ከላይ ነጠላቸውን እንደ ሥርዓቱ ለብሰው ያድራሉ። ከዚህ ሥልጠና ሌላ ምንም ባይወጣ፣ በመጪው ጥምቀት እንዲህ ያለ ካፖርት የለበሱ እናቶችን ባይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስለ ጨርቁ ደግሞ። ሱፍ የሚያህል የለም። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ገና ረጠበ አያሰኝም፤ ጥጥ ግን አንዴ ከራሰ ሙቀቱን ይለቃል፤ ለመድረቅም ይቆያል። የሰሜን ተራራ በግ ወፍራም ጠጉር አለው፤ የመንዝ ሰዎች በበግ ጠጉር ባና እና ዝተት የሚባሉ ወፍራም ልብሶችን ይሠራሉ፤ አባቶቻችን በርኖስ የሚባለውን የሱፍ ካባ ደርበዋል፤ እረኛው እስከ ዛሬ ደበሎውን አልጣለም። ሱፍ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ ለካፖርት የሚሆን ሱፍ መግዛት ለሚከብደን ደግሞ ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ አለ። መሃሉ ሳስቶ ጠርዙ ደኅና የሆነ ብርድ ልብስ ለአንድ የልጅ ካፖርት ይበቃል።

ከሸማኔ በተገዛ ወፍራም ጨርቅ መስፋትም ይቻላል፤ ብቻ ወርዱን አስቡ። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው የሚያቀብለው በክንዱ ልክ ነው፤ ጨርቁም ከዚያ አይሰፋም። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ የፋብሪካ ጨርቅ እስከ ጉልበት ለሚደርስ ካፖርት ሦስት ሜትር ግድም ሲበቃ፣ ከሸማ ግን አምስት ሜትር ግድም ያዙ። ከመቁረጣችሁ በፊትም ጨርቁን በሙቅ ውኃ እጠቡት። የእጅ ፈትል ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ግን መፍትሔ የለውም። ሱፍን አትጠቡት፤ እርጥብ ጨርቅ በላዩ አድርጋችሁ በካውያ ተኩሱት፣ እንፋሎቱ ይሰበስበዋል።

ለደረቁ ብርድ ባዘቶ በሁለት ጨርቅ መካከል አስገብቶ መስፋት መልካም ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ስንዝር ርቀት እየተሰመረ ካልተሰፋ ባዘቶው ከትከሻ ወርዶ ታች ይከማቻል፤ ትከሻ ባዶውን ይቀራል። ለክረምቱ ይህን አትልበሱ። ለክረምት ከላይ ውኃ የማያስገባ ስስ ናይለን፣ ከሥር ሹራብ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ካፖርት ስትለኩ ሹራባችሁን ለብሳችሁ ተለኩ። በደረት ዙሪያ ላይ ከዚያ በላይ 10 ሴንቲሜትር ግድም ጨምሩ። የእጅጌውን ርዝመት ክንዳችሁን አጥፋችሁ ከትከሻ አጥንት በክርን ዞሮ እስከ አንጓ ለኩት፤ በተዘረጋ ክንድ የተለካ እጅጌ እጃችንን ስናጥፍ ያጥራል፤ ብርዱም የሚገባው በአንጓ ነው። ቅዱን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አውጡ፤ ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ ደጋግሞ ያገለግላል። ቀጥላችሁ በአቡጀዲ ስፉት፤ ልበሱት፤ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ጎንበስ በሉ፤ ሕፃን ያዘለች እናት ከሆነች ታዝልበት። ብብቱ ከያዘ፣ ጀርባው ከተወጠረ እዚያው አቡጀዲው ላይ አስተካክሉ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ መዝለል ይፈልጋል። እባካችሁ አትዝለሉት። አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ ሱፍ ውድ ነው።

ጨርቁን ስትቆርጡ ድሩ በካፖርቱ ቁመት ይሂድ። ካፖርት በራሱ ክብደት የሚወርድ ልብስ ስለሆነ አግድም ወይም ሰያፍ የተቆረጠ ከወር በኋላ አንድ ጎኑ ይረዝማል። ለወፍራም ጨርቅ በማሸጊያው ላይ 100 ወይም 16 የሚል የመኪና መርፌ፣ ለብርድ ልብስ ደግሞ 110 ወይም 18 ተጠቀሙ፤ የስፌቱን እርምጃ ወደ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር አስረዝሙ፤ ስፌት በስፌት ላይ ሲመጣ መኪናውን አትርገጡ፣ ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ አሳልፉት። በእግር የሚረገጡት ሲንጀሮች ለዚህ ሥራ ከብዙ አዲስ መኪና ይሻላሉ፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም። እያንዳንዱን ስፌት ሌላ ስፌት ሳይነካው በፊት ተኩሱት። ልብስ ሰፊ ቤት ካውያው ከመኪናው እኩል የሚደክመው ለዚህ ነው።

ገበር ላይ ሰዎች ይቸኩላሉ። ገበር ከላይ ስለማይታይ እንደ ትርፍ ሥራ ይቆጠራል፤ እኔ ግን የካፖርት ዕድሜ ገበሩ ነው እላለሁ። ለእጅጌው የሚንሸራተት ጨርቅ አድርጉ፤ ሹራብ ለብሶ እጅ ማስገባት እንዳያስቸግር። በጀርባው መሃል ከላይ እስከ ታች ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር እጥፋት ተዉለት፤ ያ እጥፋት ከሌለ እጃችንን ወደ ፊት በዘረጋን ቁጥር ገበሩ ይተረተራል። ታችኛው ጫፉ ከካፖርቱ ሁለት ሴንቲሜትር ይጠር። ኪሱን ከውስጥ በለስላሳና በሚያሞቅ ጨርቅ ሸፍኑት።

እነዚህን ሁሉ ከእኔ አፍ ብቻ መማር የለባችሁም። ከቅዳሜ ገበያ አንድ ያረጀ፣ ገበሩ የተቀደደ የሰልባጅ ካፖርት ግዙና ፍቱት። እየተረተራችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፤ ቀኝና ግራ፣ ላይና ታች ብላችሁ ጻፉ፤ ተኩሳችሁ ዘርጉት። ኮሌታው ለምን እንደማይወድቅ፣ እጅጌው ለምን ከሁለት ቁራጭ እንደተሠራ፣ ትከሻው ውስጥ ምን እንዳለ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጥሩ ሰፊ የሰፋው ካፖርት ዝም ብሎ ያስተምራል።

ስለ ልጆች አንድ ሁለት ነገር። ልጅ በዓመት ያድጋል፤ ስለዚህ ታችኛውን እጥፋት ጥልቅ አድርጉት፤ በእጅጌውም ገበር ውስጥ አምስት ሴንቲሜትር ያህል አጥፋችሁ በእጅ ስፌት ያዙት፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ይፈታል። በአንገቱና በቆቡ ላይ የሚጎተት ገመድ አታድርጉ፤ ሲጫወት ሊያንቀው ይችላል። በቁልፍ ወይም በዚፕ ይዘጋ።

ስለ ዋጋው ደግሞ በግልጽ ልናገር። የመጀመሪያው ካፖርታችሁ ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ቁልፉ፣ ክሩ ሲደመር ከሰልባጅ ካፖርት ሊበልጥ ይችላል። ይህን ደብቄ ላስገባችሁ አልፈልግም። ልዩነቱ የሚታየው ገበሩ ሲያልቅ ገበር ሲቀየር፣ ክርኑ ሲሳሳ ሲጣፍ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲጠብ ነው፤ ከዓመት ዓመት ያው ካፖርት ይቀጥላል። ሰፊው ማን እንደሆነ ስለሚታወቅም ጎረቤት ይመጣል። ጎረቤት ከመጣ ገቢ አለ።

ወጣት ወንዶች እዚህ ጥቂት ናችሁ፤ ስለመጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። የእጅ ሙያ ያለው ሰው በአገራችን ብዙ ስድብ ጠጥቷል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ጭምር፣ ያለበሱትና ያረሰበትን መሣሪያ የሠሩለት ሕዝብ መልሶ ናቃቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉ ግን አሁንም በአንዳንድ አፍ ላይ አለ። ልጃችሁ ስፌት ልማር ሲል «ትምህርቱ አልሆነለትም» አትበሉ። ካፖርት መቁረጥ ሒሳብ ነው፤ ልክ ነው፤ የሰውን አካል ማወቅ ነው።

ነገ ስትመጡ ማንም ባዶ እጁን አይምጣ። አንድ ሹራብ ለብሳችሁ ኑ፤ መጀመሪያ የምንሠራው መለካት ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ያላችሁ ዱቄቱን አራግፋችሁ አምጡ። ፍቱት ያልኳችሁን ዓይነት ካፖርት ያገኘ ይዞ ይምጣ፤ አንዱን ለአራት ሰው እናካፍላለን። ሜትርና ጠመኔ እዚህ አለ፤ መቀስ ግን ይጎድለናል፤ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ወረቀት ቆርጣችሁበት ከሆነ አስስላችሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።