አፌን በፕላስተር ዘግቼ ስተኛ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ፕላስተር ነው። ቁስል ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር። አሁን አሁን ግን ሰዎች ማታ ከንፈራቸው ላይ እየለጠፉት ነው።

ቲክቶክ ላይ የምታመሹ ሰዎች አይታችሁታል። ሰውየው ፊቱን ይታጠባል፣ ጥርሱን ይቦርሻል፣ አፉን በፕላስተር ይዘጋል፣ መብራቱን ያጠፋል። ሌሊቱን በአፍንጫው ብቻ እንዲተነፍስ ነው። ኳስ ወዳጆች ደግሞ ከሃላንድ ሰምታችሁ ይሆናል። የማንቸስተር ሲቲው አጥቂ ኧርሊንግ ሃላንድ አፉን ለጥፎ እንደሚተኛ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው የሲቲ ደጋፊዎች በሙሉ የእንቅልፍ ሐኪም ሆነዋል።

ነገሩ የቲክቶክ ፈጠራ ግን አይደለም። በ1950ዎቹ ቡቴይኮ የሚባል የሶቪየት ሐኪም አስም ላለባቸው ሰዎች በአፍንጫ፣ በዝግታ፣ በትንሹ መተንፈስን ያስተምር ነበር። የእሱን ዘዴ የሚከተሉ ሰዎች ማታ አፍ መለጠፍን ከሃላንድ በፊት ያውቁታል።

ሐሳቡም ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያስቀራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሌሊቱን ደረቅና ብርዳም አየር በአፉ ሲስብ ያደረ ሰው ጠዋት ጉሮሮው ይነግረዋል። ሌላም አለ። ሳይነስ ከሚባሉት የፊት አጥንት ክፍተቶች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይመነጫል። የደም ሥር የሚያሰፋ ጋዝ ነው። በአፍንጫ ስንተነፍስ አብሮ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ በአፍ ስንተነፍስ ግን አብዛኛው ያመልጠናል። ይህ ጋዝ በደም ሥር ላይ የሚሠራውን ሥራ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

እንግዲህ እኔም ጠዋት ጠዋት አፌ እንደ ቆሎ ደርቆ ነበር የምነቃው። ፋርማሲ ሄጄ ቀጭኑን፣ ወረቀት የሚመስለውን ፕላስተር ገዛሁ። ባለቤቴ አየችኝና መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ኮስተር ብላ «ሌሊት ቢያስመልስህስ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዳር እስከ ዳር አልዘጋሁም፣ መሐል ላይ ብቻ በቁመት ለጠፍኩ። ጺም ያላችሁ ሰዎች፣ አትልፉ፣ አይይዝም።

ምን ተገኘ? አፌ ሳይደርቅ የነቃሁባቸው ቀኖች ነበሩ። ፕላስተሩን ትራስ ላይ ያገኘሁባቸው ቀኖችም ነበሩ፣ መቼ እንደላጥኩት አላውቅም። ማንኮራፋቱን ባለቤቴን ጠየቅኳት። «ያው ነህ፣ አሁን በአፍንጫህ ሆነ እንጂ» አለች። ልክ ናት። የሚንኮራፋው አፍ አይደለም። የላላው የላንቃና የጉሮሮ ሥጋ ነው አየር ሲያልፍበት የሚርገበገበው። ከንፈር ተዘጋም ተከፈተ እሱ ቦታው ላይ አለ።

ከዚህ በኋላ ጥናቶቹን ማየት ጀመርኩ። በ2022 ታይዋን ውስጥ በአፋቸው የሚተኙና ቀላል ስሊፕ አፕኒያ (እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚመለስበት ሕመም) ያለባቸው 20 ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ትንፋሻቸው በሰዓት የሚስተጓጎልበት መጠን ከ8.3 ወደ 4.7 ወርዷል። ደስ ይላል። ግን 20 ሰው ነው፣ ያውም ቀላል ሕመም ያለበት። በ2025 ደግሞ የካናዳ ሐኪሞች እስካሁን የተሠራውን ሁሉ ሰብስበው አዩ። 10 ጥናት፣ 213 ሰው። ጥቅም አሳዩ የተባሉት ጥቂቶቹ ናቸው። አፍንጫው የተዘጋ ሰው ላይ ግን መታፈን ሊያመጣ ይችላል ብለው ያስጠነቀቁ አሉባቸው።

እኔን ቆም ያደረገኝ በ2024 የወጣው የቦስተን ጥናት ነው። ስሊፕ አፕኒያ ያለባቸው 54 ሰዎች ተኝተው ሳለ አፋቸው ይዘጋና የሚገባው አየር ይለካል። ብዙዎቹ ላይ አየሩ ተሻሻለ። አብዝተው በአፋቸው የሚተነፍሱት ላይ ግን ቀነሰ። አስቡት እስቲ። ፕላስተር ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው የሚመስሉን ሰዎች ናቸው የተጎዱት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፍ ማለት መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ነው። የሚጮኸው ዋናው መስመር፣ በአፍንጫ በኩል ያለው፣ ስለተቋረጠ ነው። ጩኸቱ ረበሸኝ ብሎ ጄኔሬተሩን ማጥፋት ይቻላል፣ መስመሩን ሳያዩ ግን ጨለማ ነው።

እናም አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አፍንጫዬን አየና ግድግዳው ወደ አንድ ጎን መጣመሙን፣ አለርጂም እንዳለብኝ ነገረኝ። እስከዚህ ድረስ የጠበቅኩት ነው። ቀጥሎ «ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል?» አለኝ። ከምሳ በኋላ ማን የማይለው አለ ብዬ መለስኩ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ «ሲያንኮራፋ ቆይቶ በመሐል ጸጥ የሚልበት ጊዜ አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«አዎ፣ አለ» አለች። «ያኔማ ተመስገን፣ ተኛልኝ ብዬ እኔም እተኛለሁ።»

ሐኪሙ አልሳቀም። እንቅልፍ ላይ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንዳንድ ሰው ላይ መተላለፊያውን እስኪዘጋው ድረስ ይላላል። ያኔ አየር ይቋረጣል፣ 10 ሴኮንድና ከዚያም በላይ። ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይባንናል፣ ሰውየው በኃይል አየር ስቦ ይቀጥላል። ጠዋት ምንም አያስታውስም። ስሊፕ አፕኒያ ማለት ይህ ነው፣ እየቆየ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል። ባለቤቴ ተመስገን ያለችበት ጸጥታ ይህ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ፕላስተር ለዚህ አይደርስም፤ የተዘጋው ጉሮሮ ነው፣ ፕላስተሩ ያለው ከንፈር ላይ ነው። ለዚህ የሚሠራው ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት ያደርጋል። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሰሊቫን በ1981 ያስተዋወቀው ነው።

እኛ ጋ ማንኮራፋት ቀልድ ነው። ለቅሶ ቤት ያደራችሁ ታውቁታላችሁ። ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሰው ሁሉ ተደርድሮ፣ አንድ ጋሼ ቤቱን ሲያናውጡት ያድራሉ። ጠዋት ሻይ ላይ ይሳቅባቸዋል። «ምን ያለ የጠገበ እንቅልፍ ነው!» ይባላል። እሳቸው ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው እያንቀላፉ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ቀን የሚያንቀላፉት ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሰው እንቅልፍ ምስክሩ አጠገቡ የተኛው ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ጆሮውን በትራስ ሸፍኗል።

እኔ የሌሊት ምርመራ ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ የአፍንጫ ስፕሬይ ታዞልኛል። እናቴ ደግሞ ባሕር ዛፍ ቀቅለህ ታጠን ትለኛለች፣ እሱንም አልተውኩም። ለጊዜው ቀለል ያደርጋል። ፕላስተሩን ግን ሐኪሙ ምርመራው እስኪያልቅ ተወው ብሎኛል።

ልጃችን በአፉ ነው የሚተኛው፣ እንለጥፍለት ወይ ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ ወላጆች፦ በፍጹም። አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ልጅ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ አብጦ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይየው። ከመሄዳችሁ በፊት ተኝቶ ሳለ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ድምፁ በደንብ እንዲሰማ ክፍሉን ጸጥ አድርጉ። ሐኪሙ ልጁን ቀን ላይ ነው የሚያየው፣ ሌሊቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።