በረኛው ጫማውን ሲያስር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የክለብ አመራሮች፣ ደጋፊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ጨዋነቱን ሌሎች ይናገሩታል። እኔ ስለ አንድ የጫማ ማሰሪያ ላውራችሁ።

በታችኛው ሊግ መስመር ዳኛ ነበርኩ። የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ነው። አንደኛው ቡድን ካሸነፈ ያድጋል፤ ሌላው የሚያገኘውም የሚያጣውም የለም። እስከ ሰባኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ሄዱ። ከዚያ የሚያጣው የሌለው ቡድን በረኛ በርከክ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ኳሷ እየተንከባለለች መጣች። ጠንካራ ምት እንኳ አልነበረችም፤ ልጅ በእጁ ይይዛታል። እሱ ቋጠሮውን እያጠበቀ ነው። ቀና ሳይል በአጠገቡ አልፋ ገባች። ባንዲራዬን ይዤ ወደ መሀል ሮጥኩ። ምን ላድርግ? ጫማ ማሰር ኦፍሳይድ አይደለም! ተመልካቹ ግን አልተሳደበም። ሳቀ። ስድቡንስ ለምጄዋለሁ፤ ያ ሳቅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሪፖርት ጻፍን። ኮሚሽነሩም ጻፈ። ከወራት በኋላ ውሳኔ መጣ፤ የገንዘብ ቅጣት። ያደገው ቡድን አዲሱን ሊግ ጀምሮ ነበር። ከፍሎ ቀጠለ። ይሄ ቅጣት ነው? የመግቢያ ትኬት ነው እንጂ!

በሰው አገርም አለ። የሂውስተኑ የቤዝቦል ቡድን አስትሮስ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጋጣሚ ስለ ኳስ አወራወሩ የሚሰጣጠውን የእጅ ምልክት በካሜራ እየሰረቀ፣ የቆሻሻ በርሜል እየደበደበ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚመጣ ለመቺው ይጠቁም ነበር። ዋንጫ በላ። ሲነቃበት 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ አሰልጣኙና ሥራ አስኪያጁ ታገዱ። ተጫዋቾቹን የነካቸው የለም። ዋንጫውም እዚያው ነው።

ጣሊያኖች ግን ጨከኑ። ዩቬንቱስ እ.ኤ.አ. በ2006 በዳኛ ምደባው ቅሌት ሁለት ዋንጫ ተነጠቀ፤ ሴሪ ቢ ወረደ፤ እዚያም 9 ነጥብ ተቀነሰበት። የዓለም ዋንጫ ያነሳው ቡፎን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲጫወት አየን። ሰንጠረዡን ያየ ሁሉ ቅጣቱን አየ።

እኛስ? ሰኔ 9 ቀን 2005ን ማን ይረሳል! በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ብለን የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ አንድ ላይ ያበዱበት ቀን። ጭፈራው ሳይበርድ ፊፋ የቦትስዋናውን ጨዋታ እያጣራሁ ነው አለ። በሁለት ቢጫ የታገደ ተጫዋች አሰልፈን ነበራ። ሌብነት አልነበረም፤ ዝርክርክነት ነው። 3 ነጥባችን ግን ሄደ። አለቀስን፣ ተሰዳደብን፣ ከዚያ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ረትተን ለናይጄሪያ ደረስን። ያንን ማለፍ ማንም ሊያማው አይችልም፤ ዕዳችንን ከፍለን ነዋ ያለፍነው!

እና ልጠይቃችሁ፣ ፊት ወንበር ላይ ያላችሁ። የተዝረከረከ ነጥብ ከተቀነሰበት፣ ጨዋታ የለቀቀ ለምን ብር ብቻ ይከፍላል? መልሱልኝ! ነጥቡን ቀንሱ፤ ያደገውን መልሱ!

ስለ ቤቲንግም፣ ስለ ዕድሜ ማጭበርበርም ጽፌ ነበር። ሰዓት እያሳዩኝ ነው፣ ልዝለለው።

ያንን በረኛ በቅርቡ ለገሃር አካባቢ አገኘሁት። «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» አለኝ። እጁን እየጨበጥኩ ዓይኔ ሳላስበው ወደ እግሩ ወረደ። ሸበጥ ነው ያደረገው።

አመሰግናለሁ።